የበሩ ቅርጫት

«ኤጭ!»

ኳሱ በሁለቱ ልጆች መሃል ሾልኮ ግድግዳውን መታና ተንከባሎ አሰልጣኟ እግር ስር ቆመ። ጎንበስ ብላ አላነሳችውም። በጫማዋ ጫፍ ወደ መስኮቱ በኩል ገፋችው።

«ከመጀመሪያው!»

አምስቱ ልጆች እያጉረመረሙ ተመለሱ። ኳሱን ሳያነጥሩ፣ በመቀባበል ብቻ፣ ከመስኮቱ ጫፍ ተነስተው በሩ ጋ ያለው ቅርጫት ድረስ ማድረስ አለባቸው። ኳስ የያዘች አትራመድም፤ ያልያዘች አትቆምም። ኳሱ መሬት ከነካ ሁሉም ወደ መነሻቸው ይመለሳሉ። ሲያዩት የሕፃን ጨዋታ ነው። ልጆቹ ግን ያን ዕለት ማታ የአዳራሹን አጋማሽ ያለፉት አንዴ ብቻ ነበር።

«ኮች፣ እኔ በትክክል ነው ያቀበልኳት፤ እሷ ናት የተኛችው» አለች ከሁሉም አጭሯ። በእያንዳንዱ ፊሽካ ስለምትከራከር ጓደኞቿ «ዳኛ» ይሏታል።

«ጠራሻት?»

«አልጠራኋትም።»

«አፍሽ ታዲያ ምን ይሠራል?»

«ይበላል።»

ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። አሰልጣኟ አልሳቀችም። እንደገና «ኤጭ» አለች። ቃሉ ከአፏ ስለማይጠፋ ልጆቹ ከጀርባዋ «እትዬ ኤጭ» ይሏታል። ታውቃለች። ከዚህ የባሰ ስም የሚገባቸው ሰዎች አሉ ብላ ትታዋለች።

ከነዚህ ሰዎች አንዱ በዚያው ሰዓት በሩን ከፍቶ ገባ። የክበቡ ሊቀ መንበር ነው። ሽቶው ቀደመው፤ እሱ ተከተለ። ጭቃ የነካ የመንገድ ጫማውን ሳያወልቅ የልምምዱን መሃል አቋርጦ መጣ። ሁለቱ ልጆች ዞር ብለው አሳለፉት።

«እንዴት ናችሁ የኔ ኮከቦች!» አለና ለአሰልጣኟ እጁን ዘረጋ። እጁ ሁልጊዜ እርጥብ ነው። ጨበጠችውና እያያት መዳፏን ሱሪዋ ላይ ጠረገች።

«በወሩ መጨረሻ ያለው ጨዋታ የዙሩ የመጨረሻ ነው አይደል እህቴ?»

«አዎ ጋሼ።»

«ኮሚቴው ተሰብስቦ ነበር። እሱን ካሸነፋችሁ ትቀጥላላችሁ። ከተሸነፋችሁ የማታውን ሰዓት ለኤሮቢክስ እንሰጠዋለን። ትልልቅ ሰዎች ናቸው፤ አይንጫጩም፣ መስታወት አይሰብሩም።»

«ልጆቹስ?»

«ልጅ የትም ይጫወታል እቴ።»

የትም የሚባል ቦታ አልነበረም። በአካባቢው ጣሪያና ወለል ያለው አዳራሽ ይኸው አንዱ ነው። ውጭ የነበረው ሜዳ የመኪና ማቆሚያ ከሆነ ቆይቷል። የማታው ሰዓት ከተወሰደ ቡድኑ አበቃ ማለት ነው። ልጆቹም ገብቷቸዋል። ዳኛ ኳሱን እንደ ሕፃን አቅፋ ቆማለች፤ አፏን የዘጋችው ምናልባት በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

ሊቀ መንበሩ ወጣ። ከጫማው የረገፈው ጭቃ ወለሉ ላይ ቀረ። አሰልጣኟ መወልወያ አምጥታ ጠረገችውና «ከመጀመሪያው» አለች።

ቀን የምትሠራው ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው። ክፍሉ ምድር ቤት ነው፤ መስኮት የለውም፤ ማሽኖቹ ሲዞሩ ወለሉ ይንቀጠቀጣል። ከየዋርዱ በጆንያ የሚወርደውን አንሶላ የምትለየው እሷ ናት። ደም የነካው መጀመሪያ ቀዝቃዛ ውሃ ይገባል፤ ሌላው በቀጥታ ወደሚፈላው ይሄዳል። አዲስ የሚቀጠሩት ሴቶች በመጀመሪያው ሳምንት ምሳ መብላት ያቅታቸዋል። «አንቺን አይቀፍሽም?» ይሏታል። «በሽተኛ ምን ያድርግ» ትላለች፤ ከልቧ ነው።

እሷን የሚቀፋት ጤነኛ ነው። ደረጃ ላይ የሚተፋ፣ ማስቲካውን ወንበር ስር የሚለጥፍ፣ ሽንት ቤት ገብቶ ውሃ ሳይለቅ የሚወጣ ሁለት እግር ያለው ሰው። አዳራሹ የነዚህ መናኸሪያ ነው። የመታጠቢያው ውሃ ማስወገጃ በፀጉር ተደፍኗል። የልብስ መቀየሪያው ግድግዳ ከወገብ በታች በሻጋታ ጠቁሯል። ልጆቹ በልምምድ ጊዜ ቡድን የሚለዩባቸው ሰደርያዎች ከተገዙ ጀምሮ ውሃ ነክቷቸው አያውቅም። የሚቀመጡበት ሣጥን ሲከፈት የሞተ አይጥ ይሸታል። አንዴ ወደ ሥራዋ ወስዳ ላጥባቸው ብትል ሊቀ መንበሩ ከለከላት። ላያቸው ላይ የታተመው የስፖንሰሩ ጽሑፍ ይለቃል አለ።

በወጣትነቷ ለጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሴቶች ቡድን ተጫውታለች። ያኔ ልምምድ ማለት ሩጫ ነበር። አሰልጣኙ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያሮጣቸዋል፤ ከዚያ አንድ ኳስ ይሰጣቸውና ያሰልፋቸዋል፤ ተራቸው እስኪደርስ ላባቸው ይደርቃል። ጉልበቷ እዚያ ወለቀ። ፋብሪካውም ተዘጋ። ልጆች ማሠልጠን ስትጀምር የማለችው አንድ ነገር ነበር፤ በእሷ ሜዳ ላይ ማንም አይሰለፍም። «ሰልፍ የዳቦ ቤት ነው» ትላለች። እያንዳንዷ ልጅ ኳስ በእጇ ትይዛለች፤ ወይም ኳስ ወደያዘችው ትሮጣለች።

ልጆቹ የሚወዱት የጭራውን ጨዋታ ነው። ሆስፒታሉ አርጅቷል ብሎ የጣለውን አንሶላ ቀድዳ ጭራ ታዘጋጃለች። እያንዳንዷ ልጅ አንዱን ወገቧ ላይ ሰክታ በአንድ እጅ ኳስ ታነጥራለች፣ በሌላው የሰው ጭራ ትነጥቃለች። ዓይኗን ኳሱ ላይ የተከለች ጭራዋን ትቀማለች። ጎንበስ ብሎ ማንጠር ሰው በቃል ከሚነግራቸው ይልቅ በዚህ ይገባቸዋል።

ሊቀ መንበሩ በመጣ በማግስቱ የዚህ ጨዋታ ነገር አበቃለት። የአንዷ ልጅ እናት በሩ ላይ ቆማ ስታይ ቆየችና ጭራውን ከልጇ ወገብ ላይ በሁለት ጣቷ ቆንጥራ አነሳችው።

«ይሄ የሆስፒታል አንሶላ ነው?»

«ነው።»

«በሽተኛ የተኛበት?»

«ታጥቦ የተቀቀለ ነው። እርስዎ ቤት ካለው አንሶላ ይነጻል።»

«የኔ ቤት አንሶላ ምን አደረገሽ?»

«ምንም። አላውቀውም። ይሄኛውን ግን አውቀዋለሁ።»

ሴትየዋ ጭራውን ጣለችውና ሊቀ መንበሩ ዘንድ ሄደች። ጭራ ተከለከለ። የሚሸቱት ሰደርያዎች አልተከለከሉም።

የዚህች እናት ልጅ ምሰሶ ትባላለች። የቡድኑ ረጅሟ ናት፤ ከሁሉም በኋላ የመጣችም እሷ ናት። ቁመቷ ስለሚያሳፍራት ጀርባዋን አጉብጣ ነው የምትሄደው። ከሁሉም ሰው ራስ በላይ ኳስ ትይዝና ወዲያው ወደ ሆዷ ታወርደዋለች። እዚያ ታች ዳኛና መሰሎቿ ይጠብቋታል፤ እንደ ሞባይል ሌባ መንትፈዋት ይሄዳሉ።

ከዚህ ሁሉ የባሰው ግን የቅርጫቱ ነገር ነበር። አዳራሹ ሁለት ቅርጫት አለው፤ አንዱ በበሩ በኩል፣ አንዱ በመስኮቱ በኩል። የመስኮቱ አይሠራም። በዓመቱ መጀመሪያ ሊቀ መንበሩ ለስፖንሰሩ ፖስተር ያስፈልጋል ብሎ፣ ሙሉ ልብሱን እንደለበሰ፣ መሰላል ወጥቶ ቀለበቱ ላይ ተንጠለጠለ። ፎቶ አንሺው «አንዴ ይድገሙት» አለው፤ ደገመው። በሁለተኛው ቀለበቱ ተጣመመ። አሁን ወደ ጎን ተንጋዶ ወደ ታች ተንጠልጥሏል፤ ኳስ አያስገባም። ፖስተሩ መግቢያው ላይ ተለጥፏል። ሊቀ መንበሩ በአየር ላይ ጥርሱን ገልፍጦ ይታያል፤ ከላይ «ለነገ ተተኪዎች» ይላል። አሰልጣኟ በዚያ በኩል ስታልፍ ፊቷን ታዞራለች።

ስለዚህ ቡድኑ በልምምድ ዓመቱን ሙሉ ያጠቃው ወደ በሩ ብቻ ነው። መቀባበሉም ሩጫውም የሚያልቀው በሩ ጋ ነው። በመጀመሪያው ግጥሚያቸው ከዕረፍት በኋላ ጎን ሲቀየር ዳኛ ኳሱን ይዛ ወደ ራሳቸው ቅርጫት በረረች። ጓደኞቿ እሪ ብለው አስቆሟት። ተመልካቹ በሳቅ ሞተ። ያኔ አሸንፈው ስለነበር ነገሩ በቀልድ አለፈ።

የማታው ሰዓት አደጋ ላይ ሲወድቅ ግን አሰልጣኟ ቀልዱን አሰበችበት። ከሥራ ቦታዋ የተጣለ የጆንያ ጋሪ ቀለበት፣ ማለትም የቆሸሸ ልብስ ጆንያን አፉን ከፍቶ የሚይዘውን ክብ ብረት፣ ለምና ወሰደች። በአውቶቡስ ተሸክማው ስትሄድ ሰው ሁሉ እያያት ነበር። ባሏ ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ሱቁን ዘግቶ መጣና መሰላሉን ያዘላት። የተጣመመው ቀለበት ፊት በሽቦ አሰሩት። ውበት የለውም፤ ኳስ ግን ያስገባል። ለአንድ ሳምንት ልጆቹ በሁለት በኩል ተጫወቱ። በየመሃሉ ፊሽካ ትነፋና «ዙሩ!» ትላለች፤ አጥቂው ተከላካይ ይሆናል፤ ቅርጫቱ ይቀየራል። በመጀመሪያው ቀን ግማሾቹ እርስ በርስ ተጋጩ። በሳምንቱ መጨረሻ ሳይጋጩ መዞር ጀመሩ።

በሚቀጥለው ሳምንት ስትመጣ ቀለበቱ የለም።

«ስፖንሰሩ ሊጎበኝ መጥቶ ነበር» አላት ሊቀ መንበሩ። «የቆሻሻ ጆንያ ብረት ሰቅላችሁ ልታዋርዱኝ ነው? እኔ በሰው ፊት ምን ልበል?»

«ቀለበቱን ያስጠግኑና ብረቱን አወርደዋለሁ።»

«ይጠገናል፣ ይጠገናል። በጀት ላይ ነው።»

ብረቱን ያገኘችው ሽንት ቤቱ አጠገብ፣ መወልወያው የሚታጠብበት ባልዲ ውስጥ ነው። ግራጫ ውሃ ውስጥ ተዘፍቋል፤ ፀጉር ተጠምጥሞበታል። አወጣችው፤ አጠበችው፤ ወደ ቤት ወሰደችው። መልሳ አልሰቀለችውም።

ባሏ በሩ አጠገብ ተደግፎ ሲያየው ማንኪያውን አስቀመጠ። ሾርባ እየበሉ ነበር።

«አንቺ ሴትዮ፣ ይሄ ነገር እዚህ ምን ይሠራል?»

«አወረዱት።»

«መልሰሽ ስቀይዋ። መሰላሉን እኔ እይዝልሻለሁ።»

«ከዚያ ሰውዬ ጋር ሁለት ቃል ከምለዋወጥ የሽንት ቤቱን ጉድጓድ በእጄ ብጠርግ ይሻለኛል።»

«እሱንማ ጠርገሽዋል።» ሳቀ። አልሳቀችም። ኮሌታው ላይ የቀረውን የደንበኛ ፀጉር አየችና ፊቷን አጨማደደች።

«ልጆቹስ?» አላት።

«የበሩ ይበቃቸዋል።»

ባሏ ያን ያህል አልተከራከረም። ከቤቱ ውስጥ አንድ ሰው ቢያንስ ሾርባውን መጨረስ ነበረበት።

በቀረው ጊዜ ሥራዋን ሁሉ ምሰሶ ላይ አደረገች። ዓይኗ የገባችው ይህች ልጅ ናት፤ ካሸነፉም በእሷ ነው። ኳሱን ሰሌዳው ላይ ትወረውራለች፤ ምሰሶ ዘላ ትይዛለች፤ ሳታወርድ፣ እግሯ መሬት ነክቶ እንደገና ሲነሳ፣ መልሳ ትሰቅለዋለች። ትምህርቱ ሦስት ቃል ነው።

«ያዢ! አታውርጂ! መልሺ!»

ምሰሶ ታወርዳለች። አሰልጣኟ የመወልወያውን እንጨት አምጥታ ልጅቷ ደረት ፊት አግድማ ያዘችው። ኳሱ ከወረደ እንጨቱን ይመታል።

«ያዢ! አታውርጂ! ኤጭ። ምን አለው እዚያ ሆድሽ ጋ? ምሳሽን ልታሳዪው ነው?»

«ልማድ ሆኖብኝ ነው ኮች።»

«ሌላ ልማድ እንሰጥሻለን። አታስቢ። እጅሽ ያስብ። ያዢ!»

ልጆቹ በዙሪያቸው የራሳቸውን ኳስ እያነጠሩ ይቆጥሩላት ጀመር። ዳኛ እንጨቱ በተነካ ቁጥር «ፋውል!» ትላለች። በመጨረሻው ልምምድ ግን እንጨቱ አንዴም አልተነካም። ምሰሶ በሩ ጋ ባለው ቅርጫት ስር ቀጥ ብላ ቆማለች፤ ጀርባዋ አልጎበጠም፤ ኳሱ ከሰሌዳው ወደ እጇ፣ ከእጇ ወደ መረቡ ይሄዳል።

«እንደዚህ» አለች አሰልጣኟ።

ልጆቹ ኳሳቸውን ማንጠር አቆሙ። ይህንን ቃል ከእሷ አፍ ሰምተው አያውቁም። ምሰሶ እስከ ጆሮዋ ቀላች።

ግጥሚያው የተጋጣሚዎቹ አዳራሽ ውስጥ ነበር። አሰልጣኟ እንደ ልማዷ መጀመሪያ ሽንት ቤቱን አየች። ሳሙና አለው። ወለሉ ደረቅ ነው። ሁለቱም ቅርጫቶች ቀጥ ብለው ቆመዋል። ቀናች።

እዚህም አንዱ ቅርጫት በበሩ በኩል፣ ሌላው በመድረኩ በኩል ነው። በመጀመሪያው አጋማሽ የሚያጠቁት ወደ በሩ ደረሳቸው። እንደ ቤታቸው ተጫወቱ። እየተጠራሩ ይቀባበላሉ፤ ዳኛ ጎንበስ ብላ በሰው እግር መሃል ታነጥራለች፤ ኳስ ሲሳት ምሰሶ ከላይ ትይዛለች፣ አታወርድም፣ ትመልሳለች። ለዕረፍት ሲወጡ በሰፊው ይመሩ ነበር። ሊቀ መንበሩ ከምሰሶ እናት አጠገብ ተቀምጦ፣ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል። «የኔ ልጆች!» እያለ በዙሪያው ላለው ሰው ይናገራል።

«አሁን ወደ መድረኩ ነው» አለቻቸው አሰልጣኟ። «ሰምታችኋል? ወደ በሩ አይደለም። ወደ የት?»

«ወደ መድረኩ!»

አፋቸው ያውቃል። እግራቸው አያውቅም። ገና ሲጀመር ዳኛ ወደ በሩ ሮጠች፤ ጓደኛዋ በማሊያዋ ጎትታ አዞረቻት። ተቀባይዋ መቆም የነበረባት ቦታ ባዶ ሆኖ ተገኘ፤ አንዷ ልታቀብል ትዞራለች፣ ማንም የለም። ተጋጣሚዎቹ ነጥብ በነጥብ እየበሉ መጡ። አሰልጣኟ መስመሩ ላይ ቆማ «መድረክ! መድረክ!» ስትል ድምፅዋ ተዘጋ። ከባልዲው ውስጥ ያወጣችው ብረት ቤቷ በር አጠገብ ተደግፎ ታያት።

ሊያልቅ ሲል ልጆቿ ገና በአንድ ነጥብ ይመሩ ነበር። ኳሱ በተጋጣሚዎቹ እጅ ነው። አንዷ ከሩቅ ወረወረች። ኳሱ የበሩን ቅርጫት ቀለበት መትቶ ወደ ላይ ነጠረ።

ምሰሶ ዘለለች። በዙሪያዋ ከነበሩት ሁሉ ከፍ ብላ በሁለት እጇ ያዘችው። አላወረደችውም። ክርኗ ቀጥ ብሎ፣ ጀርባዋ ሳይጎብጥ፣ እግሯ መሬት ነክቶ እንደገና ሲነሳ፣ መለሰችው። ኳሱ ሰሌዳውን በቀስታ ነክቶ መረቡ ውስጥ ገባ። በዚያን ዓመት የሠራችው ምርጥ ሥራ ነበር።

ወደ አሰልጣኟ ዞራ ፈገግ አለች። ቃሉን እየጠበቀች ነበር።

ከዚያ የጨዋታው ዳኛ ሁለቱን ነጥብ ለተጋጣሚዎቹ ሰጠ። ሳቁ ከየወንበሩ ተነሳ። ፈገግታዋ ፊቷ ላይ ትንሽ ቆየ፤ ሊሄድ የማይፈልግ ይመስል ነበር። ዳኛ የምትባለዋ ልጅ ኳሱን ይዛ ወደ መድረኩ ስትሮጥ፣ ስትወረውር፣ ስትስት፣ የመጨረሻው ፊሽካ ሲነፋ፣ ምሰሶ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። ጀርባዋ እንደገና ጎብጧል።

ሊቀ መንበሩ ሆዱን ይዞ ይስቃል። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ስልኩን ለጎረቤቶቹ እያዞረ ደጋግሞ ያሳያል። ጣቱ መስታወቱ ላይ የላብ አሻራ ትቷል።

«ገደለችኝ! ይሄንን ዛሬውኑ ነው የምለቀው። እዩልኝ፣ እጇን እዩት፣ እንዴት ተጠንቅቃ!»

«አጥፋው» አለች የምሰሶ እናት።

«ቀልድ እኮ ነው እመቤቴ።»

«ልጄ ናት። አጥፋው አልኩህ።»

አላጠፋውም። እናትየው ስልኩን ከእጁ መንጭቃ ወሰደችና ራሷ አጠፋችው። ከዚያ ስልኩን በሁለት ጣቷ ቆንጥራ፣ ያን ዕለት ጭራውን እንዳነሳችው አድርጋ፣ ጭኑ ላይ ጣለችለት።

አሰልጣኟ መጥታ ፊቱ ቆማ ነበር።

«ቀለበቱን ያጣመምከው አንተ ነህ» አለችው። ዓመቱን ሙሉ «እርስዎ» ስትለው ኖራለች። «የሰቀልኩትንም ያወረድከው አንተ ነህ።»

«ሴትዮ፣ ልጅቷ ወገኗንና ባዕዱን ካልለየች እኔ ምን ላድርግ? ይሄን የምታስተምሪው አንቺ አይደለሽም?»

ልትመልስለት አፏን ከፈተች። አፉ ጥግ ላይ ደርቆ የቀረ ነጭ ምራቅ አየች። አቅለሸለሻት። ግን ያለው ነገር ውሸት አልነበረም፤ ይበልጥ ያቅለሸለሻትም እሱ ነው። ብረቱ በእጇ ነበር። ከዚህ ሰው ጋር ላለመነጋገር ስትል በሯ ላይ አስደገፈችው።

እጁን ዘረጋ፤ እንደ ወንድምና እህት እንለያይ ማለቱ ነው። እጇን ኪሷ ከተተች።

ምሰሶ ልብስ መቀየሪያው ውስጥ ፎጣ ራሷ ላይ ጥላ ተቀምጣለች። ዳኛ አጠገቧ ሆና «ሕጉ ራሱ ልክ አይደለም፤ ያስገባችው የገባላት ነው መሆን ያለበት» እያለች ትከራከራለች። አሰልጣኟ ጉልበቷ እያመማት ፊቷ ቁጢጥ አለች።

«አወረድሽው?»

ምሰሶ ፎጣውን ይበልጥ ወደ ታች ሳበችው።

«ኳሱን አወረድሽው ወይ?»

«አላወረድኩትም።»

«እጅሽ ያልኩሽን ነው የሠራው። የት እንደሆነ ያላስተማርኩት እኔ ነኝ።»

ፎጣው ተንቀሳቀሰ። ልጅቷ ወጥታ አላየቻትም። አሰልጣኟም አልጠበቀችም፤ ተነሥታ ሰደርያዎቹን ሰብስባ ጆንያ ውስጥ ጨመረቻቸው። ያን ዕለት ማታ ማንንም ሳትጠይቅ አፈላቻቸው። የስፖንሰሩ ጽሑፍ ለቀቀ።

ኤሮቢክሱ በሚቀጥለው ሳምንት ጀመረ። የመስኮቱ ቀለበት እንደተጣመመ ነው። ምሰሶ ላሸነፋቸው ቡድን ተመዘገበች፤ እጇን ይዛ ወስዳ ያስመዘገበቻት አሰልጣኟ ናት።